ለገመቹ ያላነበብኳቸው ገጾች

የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ካደረግኩ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ቀኝ ዓይኔ በፋሻ ተሸፍኗል፤ ግራው ደግሞ ድሮም ቢሆን የሚተማመኑበት ዓይን አልነበረም። ሐኪሟ "ለሁለት ሳምንት ንባብ የለም፣ ስልክ የለም፣ ማጎንበስ የለም" ብላ ሸኘችኝ። ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት ተቀምጦ የሰው ወረቀት ሲያነብ ለኖረ ሰው ይህ ትእዛዝ ከቀዶ ጥገናው በላይ ያማል። እናም ፉሪ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ወንበር አስወጥቼ፣ ፀሐዩን ፊቴ ላይ እየተቀበልኩ፣ ዳገቱን የሚወጣ ባጃጅ ሲያቃስት እያዳመጥኩ እውላለሁ። የጎረቤት ቤት ግንበኞች ሲከራከሩ ሰምቼ ማን ትክክል እንደሆነ ለብቻዬ እፈርዳለሁ። ከዚህ የተሻለ ሥራ የለኝም።

ትናንት የመጨረሻዋ ልጄ ቤዛ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አዘነችልኝ መሰለኝ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰባተኛ ክፍል ናት።

"ምን ላንብብልህ አባዬ?"

"የራስሽን መጽሐፍ። በሚቀጥለው ሳምንት ፈተና አለብሽ አይደል?"

"የኅብረተሰብ ሳይንስ ነው እኮ። ይደብራል።"

"እኔን አይደብረኝም።"

ጀመረች። የምታነበው እንደሚሮጥ ሰው ነው፤ ነጠላ ሰረዝ አታውቅም፣ አራት ነጥብ ላይም ቆም አትልም። ትንሽ እንደሄደች ግን ድንገት ዝም አለች።

"ምነው ቆምሽ?"

"ሥዕል ነው። እሱን ልለፈው።"

"አትለፊው። ምን ይታያል?"

"ዓይንህ ሲድን ታየዋለህ እኮ አባዬ።"

"አሁን ንገሪኝ።"

በረጅሙ ተነፈሰች። "እሺ። ተራራ ነው። ከተራራው በአንድ በኩል ደመና አለ፣ ይዘንባል። በሌላው በኩል ደረቅ ነው። ቀስት ቀስት አለበት። በቃ።"

ከዚያ በኋላ ያነበበችውን አልሰማሁም። ገመቹ ትዝ ብሎኝ ነበር።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። ሰበታ ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከወሎ መጥቶ በአካባቢው ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የመጋዘን ጸሐፊ ሆኖ የተቀጠረ ሰው ሲሆን የምንኖረው ዓለም ገና ከተማ ነበር። ጠዋት ጠዋት የጅማን መንገድ ይዤ በእግሬ እወርዳለሁ። ጋሪ ሲያልፍና ባለጋሪው ካላየኝ ከኋላው እንጠለጠላለሁ፤ ካየኝ ደግሞ አለንጋው ትከሻዬን ይጎበኘዋል። በመስከረም በመንገዱ ዳር የበቆሎ እሸት የሚጠብሱ ሴቶች ይደረደሩ ነበር፤ ያ ሽታ እስከ ዛሬ ድረስ ማርፈድን ያስታውሰኛል፤ አላፊ አግዳሚው ሲበላ ቆሜ ማየት እወድ ነበርና።

ታዲያ በአንዱ ቀን እንደ ልማዴ አርፍጄ፣ በዚያ ላይ በሩ ላይ ቆሜ ከጓደኛዬ ጋር ሳወራ የክፍላችን ኃላፊ የነበሩት የጂኦግራፊ መምህር ያዙኝ። ይመቱኛል ስል መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

"ዳኛቸው፣ ድምፅህ ትልቅ ነው። አፍህም ሥራ ፈትቷል። ከዛሬ ጀምሮ ለገመቹ ታነባለህ።"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቅጣት መሆኑ ገብቶኛል።

ገመቹ የሱሉልታ ልጅ ነው። በአራት ዓመቱ ኩፍኝ ይዞት ዓይኖቹ ጠፉ። ሰበታ ባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምሮ ካደገ በኋላ ከእኛ ከሚያዩት ጋር ሁለተኛ ደረጃ ገባ። እንደ እሱ ዓይነ ስውር ከሆኑ ሁለት ተማሪዎች ጋር ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ረጅም ነው። ሲያዳምጥ ግራ ጆሮውን ወደ ሰው ያዘነብላል። ቀልድ ሲነገረው ሁላችንም ስቀን ከጨረስን በኋላ ነው የሚስቀው፤ አንዳንዴ መምህሩ ማስተማር ከጀመሩ በኋላ።

መጽሐፍ ለሁለት ተማሪ አንድ ነበር የሚታደለው። እኔንና ገመቹን አንድ ላይ አደረጉን። ጓደኞቼ "መጽሐፉ ያንተ ብቻ ሆነ ማለት ነው" አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም፤ እኔም እንደዚያው ነበር ያሰብኩት።

ከትምህርት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው የድንጋይ ደረጃ ላይ እንቀመጣለን። እኔ አነባለሁ፣ እሱ በብሬል ይጽፋል። ወፍራም ወረቀቱን ቀዳዳ ባለው የብረት ማስመሪያ መሐል ያስገባና ወስፌ በመሰለች መውጊያ ጥ ጥ ጥ እያደረገ ይወጋዋል። ወፍራም ወረቀት እንደ ልብ አይገኝም ነበር። አባቴን ለምኜ ከመሥሪያ ቤቱ ያለፈበት የግድግዳ ካላንደር አመጣሁለት፤ ካላንደር ለብሬል የሚስማማ ወረቀት ነው። ስለዚህ የገመቹ የታሪክ ማስታወሻ መስከረም ላይ፣ ባዮሎጂው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነበር የተጻፈው። መውጊያው ሲፈጥን እፈጥናለሁ፣ ሲዘገይ እዘገያለሁ። ትንሽ ቆይቼ ያንን ድምፅ ካልሰማሁ ማንበብ የማይሆንልኝ ሰው ሆንኩ።

ከዚያ ደግሞ የእሱ ተራ ይመጣል። "እሺ፣ አሁን እኔ ላስተምርህ" ይላል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ በትልቁ ድምፄ አነበንበዋለሁ እንጂ የማነበውን አልሰማውም ነበር። እሱ ግን ሰምቶታል። ያነበብኩለትን መልሶ በአማርኛ፣ አማርኛው ሲያጥረው በኦሮምኛ፣ ከሱሉልታ ላምና ከሰበታ ጭቃ ምሳሌ እያመጣ ያስረዳኛል። ቀስ በቀስ ሌሎችም ሰሙ። አምስት ስድስት ሆነው ደረጃው ላይ ይሰበሰቡ ጀመር። ፈተና ሲደርስ "ከገመቹ ጋር እናጥና" የክፍሉ ልማድ ሆነ። የእኔም ውጤት ከፍ አለ። አባቴ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ዓይነ ስውር ያስጠናል" እያለ ይኩራራ ነበር። አላረምኩትም።

አንድ ቅዳሜ አጎቱ ኦቦ ቱሉ ከሱሉልታ መጡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በቅቤ የታሸ ጭኮ በእቃ ይዘው፣ ደረጃው ላይ አገኙን። ጭኮውን ከፍተው በእጃቸው አጎረሱን። ያን የገብስና የቅቤ ጣዕም ከዚያ ወዲያ ብዙ ቦታ ፈልጌ አላገኘሁትም።

"አካም ጅርታ ጉርባ? አንተ ነህ የምታነብለት?" አሉኝ።

"አዎ ኦቦ። ደህና ነዎት?"

"ፈያ ነኝ። ማትሪክ ካለፈ መምህር ይሆናል አሉኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ካላለፈ እኔ እወስደዋለሁ። እኔ እስካለሁ ደጄ ላይ ይቀመጣል፣ ይበላል። ከእኔ በኋላስ?" ወደ ገመቹ አላዩም፤ እኔን ነበር የሚያዩት። "አደራህን ልጄ።"

ገመቹ አንገቱን ደፍቶ ጭኮውን ያኝክ ነበር። ሲሄዱ "አጎቴ ሰው ማስፈራራት ይወዳል" ብሎ ሳቀ። ግን እጁ መውጊያዋን ጥብቅ አድርጎ ይዟት ነበር፤ አየሁት።

አደራውን የበላሁት በየካቲት ነው። የዓለም ገና ልጆች ከሰበታ ልጆች ጋር የእግር ኳስ ግጥሚያ ነበረን፤ እኔ የክንፍ ተጫዋች ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሜዳ ላይ መገኘት አለብኝ፤ የጂኦግራፊው ምዕራፍ ደግሞ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ገጽ ይቀረዋል፤ ካርታና ሥዕል የበዛበት አሥራ ሁለት ገጽ። ሥዕል ድሮም አልወድለትም ነበር። ምን ብዬ እነግረዋለሁ? "ሥዕል ነው፣ አያስፈልግህም" ብዬ ነበር የማልፈው። ያን ቀን ግን ሥዕሉን ብቻ አላለፍኩም። ገጾቹን አንድ ላይ ያዝኩና ገለበጥኳቸው።

"አለቀ" አልኩት።

መውጊያው ቆመ። "አለቀ?"

"አለቀ።"

"አጭር ነው" አለ።

"አጭር ነው።"

ዕቃውን ሰበሰበ። እንደ ልማዱም ከደረጃው ሥር አንዲት የሣር ሰበዝ ነቅሎ ያቆምንበት ቦታ ላይ አስገባት፤ በማግስቱ ከየት እንደምንጀምር የምናውቀው በዚያች ሰበዝ ነበር። እኔ ወደ ሜዳው ሮጥኩ። ሦስት ለአንድ ተሸነፍን። አንዷን ጎል እኔ ባገባት ኖሮ ምናልባት ይቀለኝ ነበር፤ እሷንም ሌላ ሰው ነው ያገባት።

መጥፎ ነገር ሲቀል ያስፈራል። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። አንዴ ብርድ ስለነበር፤ አንዴ ያለ ምንም ምክንያት።

በዚያው ሰሞን ገመቹ አንድ እንግዳ ልማድ አመጣ። "መጽሐፉ ዛሬ እኔ ጋ ይደር" ይለኛል።

"ምን ልታደርግበት? ልትንተራሰው?"

"አዎ። ዕውቀቱ በጆሮዬ ይገባል።"

እየሳቅሁ እሰጠዋለሁ። በምሳ ሰዓትም እየጠፋ መሄድ ጀመረ። በትሩን ይዞ መጽሐፉን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሲሄድ አየሁት። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሚዛን ላይ የምትቀመጥ ጫልቱ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ቅንድቧ ሁልጊዜ ዱቄት የለበሰ። ነገሩ ገባኝ ብዬ ተደሰትኩ።

"ጫልቱ ናት አይደል?" አልኩት።

"ናት" አለ።

"ወደድካት?"

"ድምፅዋን ወደድኩት።" ከዚያም እኔ ስቄ ከጨረስኩ በኋላ ሳቀ።

ሚያዝያ ላይ፣ ፈተናው ሊደርስ ሲል፣ የበልግ ዝናብ ዘንቦ ባባራበት አንድ ከሰዓት ደረጃው ረጥቦ መቀመጥ አልቻልንም። "ዛሬ አታነብም። ዓይንህን ጨፍንና ኮቱ፣ ና ተከተለኝ" አለኝ። ጨፈንኩ። እጄን ይዞ የቤተ መጻሕፍቱን ግድግዳ ዞሮ ወሰደኝ። እኔ ሁለት ጊዜ ተደናቀፍኩ፣ እሱ አንዴም አልተደናቀፈም። መዳፌን ግድግዳው ላይ አስቀመጠው።

"ምን ይሰማሃል?"

"ቀዝቃዛ ነው። ርጥብ ነው። የሚያዳልጥ ነገር አለበት።"

"ሽበት ነው፤ የድንጋይ ሽበት። ሁልጊዜ ዝናቡ የሚመታው በዚህ በኩል ስለሆነ ነው።" ከዚያ ማዕዘኑን አዙሮ በወዲያኛው ፊት አስነካኝ። "ይኼስ?"

"ደረቅ ነው። አቧራ አለው።"

"ያው ግድግዳ ነው፣ ያው ዝናብ ነው። ነፋሱ ውኃውን ተሸክሞ ይመጣና ተራራው ይቆምበታል። ለመውጣት ሲታገል ይበርደዋል፣ ሲበርደው ሸክሙን እዚያው ያራግፋል። ወዲያ ማዶ ሲወርድ ባዶ እጁን ነው። በአንድ ተራራ አንዱ ጎን አረንጓዴ፣ አንዱ ጎን ገረጣ የሚሆነው ለዚህ ነው። ፈተናው ላይ ይህ አይቀርም። ያዝከው?"

"ያዝኩት።"

"መጽሐፉ ላይ ሥዕል አለው አሉ" አለ ቀስ ብሎ። "ተራራ፣ ደመና፣ ቀስት።"

ያን ጊዜ ምንም አልጠረጠርኩም። መንገድ ላይ፣ ዓለም ገና ልደርስ ስል ነው ነገሩ የመጣብኝ። ይህን ትምህርት እኔ አላነበብኩለትም። የእኛ መምህርም እዚያ አልደረሱም። ከየት አመጣው? ቤት ገብቼ ልብሴን ሳልቀይር መጽሐፉን ከፈትኩ። የዘለልኳቸውን ገጾች አገኘኋቸው። ተራራው አለ፣ ደመናው አለ፣ ቀስቶቹ አሉ። በሁለቱ ገጾች መሐል፣ ስፌቱ ጋ፣ ነጭ ዱቄት ተኝቷል። ሌሎቹንም ገለበጥኩ። በብርዱ ቀን የዘለልኩት ላይ ዱቄት አለ። ያለ ምክንያት የዘለልኩት ላይም ዱቄት አለ። ከእነዚህ በቀር ሌላ ገጽ ላይ ዱቄት አልነበረም።

አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ጫልቱ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ፊደሉን ብቻ ነው የምታውቀው። ወፍጮው እየጮኸ፣ ሰው ስንዴውን እያስመዘነ፣ አንዷን ቃል ፊደል በፊደል እየጠራችለት፣ እሱ ፊደሎቹን ገጣጥሞ ቃል፣ ቃሎቹን ገጣጥሞ ተራራ ሠራ። እኔ በአንድ ሰዓት የማነበውን ስንት ምሳ ሰዓት ፈጅቶበታል? ከዚያም ሠርቶ ሲጨርስ፣ እንዳልወድቅ ብሎ፣ መልሶ ለእኔ ሰጠኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ይህን ስጽፍም፣ ማለቴ ሳስጽፍም፣ ፊቴ ይግላል።

ከዚያ በኋላ አንድ መስመር አልዘለልኩም። ሥዕል ሲመጣ ቆሜ፣ ከዚህ ይጀምራል፣ እዚህ ያልቃል፣ ቀስቱ ወደ ላይ ነው እያልኩ ነገርኩት። "ዛሬ ምን ነካህ?" አለኝ አንዴ። "ጊዜ አለኝ" አልኩት። ይቅርታ ማለት ግን አቃተኝ። በየቀኑ ነገ እላለሁ።

ፈተናው ደረሰ። ለእሱ ለብቻው በአንድ ክፍል ሌላ መምህር ያነቡለት ነበር። የጂኦግራፊው ወረቀት ላይ ተራራው መጣ። መልሱን ሳጠቁር መዳፌ ላይ የግድግዳው ርጥበት ተሰማኝ። ሁለታችንም አለፍን። ኦቦ ቱሉ ውጤቱን ሲሰሙ የእኔን እጅ ነበር የሳሙት፤ እጄን የት እንደማገባው ጠፋኝ።

በመስከረም መጨረሻ ገመቹ ሩቅ አገር ኮሌጅ ደርሶት ሊሄድ ሆነ። ሻንጣውን ተሸክሜ እስከ ታክሲው ሸኘሁት። የመንገዱ ዳር ሴቶች በቆሎ ይጠብሱ ነበር፤ አንድ ገዝቼ ለሁለት ሰብሬ ሰጠሁት። ከአሁን ሌላ ጊዜ እንደሌለኝ ታወቀኝ።

"ገመቹ፣ ያ የጂኦግራፊ መጽሐፍ…" አልኩ። "አንዳንድ ገጽ…"

እሱ በቆሎውን መብላት አቆመ።

"ብዙ ገጽ አንድ ላይ ሲገለበጥ ድምፁ ይወፍራል ዳኜ" አለኝ።

"ሰምተህ ነበር?"

"ሦስቱንም ጊዜ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ በማግስቱ ትመጣ ነበር?"

ረዳቱ "ሂያጅ፣ ሂያጅ" እያለ ሻንጣውን ከእጄ ነጠቀ። ገመቹ በሩን በእጁ ዳብሶ ገባ። "ጀባዱ" አለኝ በመስኮቱ፤ በርታ ማለቱ ነው። ታክሲው ሄደ። ጥያቄው እኔ ጋ ቀረ። እውነቱን ለመናገር አልመጣም ነበር። አፍሬ፣ አኩርፌ፣ ሰበብ ፈልጌ እቀር ነበር፤ እሱም ያለ አንባቢ ይቀር ነበር። ይህን ከእኔ ቀድሞ አውቆታል።

ደብዳቤ ጻፍኩለት። ግን ደብዳቤዬን ሌላ ሰው ነው የሚያነብለት። ስለ ዘለልኳቸው ገጾች ለአንባቢው እንዴት አድርጌ ልጻፍ? ስለ ዝናቡና ስለ ኳሱ ጻፍኩ። መልሱ በብሬል መጣ፤ ካላንደር ላይ። እኔ ደግሞ ማንበብ አልችልም። ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወዳሉት የቀድሞ ጓደኞቹ ወሰድኩት፤ አንደኛው በጣቱ እየሄደ አነበበልኝ። ሰላምታ ብቻ ነበር፣ ስለ ምግቡና ስለ ሙቀቱ። እሱም ሌላ ሰው እንደሚያነብልኝ ያውቃል። እንዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጻጻፍን። ከዚያ እሱ ማስተማር ጀምሮ ከአገር አገር ተዛወረ፣ እኔም ቤት ቀየርኩ፣ ደብዳቤው ቆመ። ወፍጮ ቤቱም ዛሬ የለም። ካላንደሩ ግን አለ። በዚህ ሰሞን ከሣጥን አስወጥቼ ጣቴን አስኬድኩበት፤ ዓይኔ ተሸፍኖም አንዲት ፊደል አላወቅሁም። ናፈቀኝ። ዛሬ ስልክ ያነብለት ይሆናል፤ ስልክ አይዘልም፣ ኳስ ሜዳም አይሄድም። ቢሆንም አንድ ከሰዓት ብቻ እንደገና ቢሰጠኝ፣ ያ ደረጃ ላይ ተቀምጬ መውጊያዋን እየሰማሁ ያን ምዕራፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ባነብለት እወድ ነበር።

ዛሬ ከሰዓት ቤዛ መጽሐፏን ይዛ መጣች። አነበበች፣ ሥዕሎቹንም ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ላይ ጓደኞቿ ይጠሯት ጀመር። ንባቧ ፈጠነ። ከዚያ ገጽ ሲገለበጥ ሰማሁ፤ ድምፁ ወፍራም ነበር።

"አለቀ አባዬ።"

"አለቀ?"

"አለቀ።"

የአባትነት ቁጣዬ እስከ ከንፈሬ መጣ። እዚያው ቆመ።

"አጭር ነው" አልኳት።

"አጭር ነው።"

"ነገ ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ" ብላ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። መጽሐፉን ወንበሩ ላይ ትታው ሄዳለች። ዳብሼ አነሳሁትና ከበረንዳው ጠርዝ አንዲት ሣር ነቅዬ ያቆመችበት በመሰለኝ ቦታ አስገባሁ። ፋሻው ሊፈታ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ ፈተናዋ ከዚያ በኋላ ነው፤ የዘለለችውን አንብቤ ላስጠናት ጊዜ አለኝ።